የግራናው ማስታገሻ

ግራና መንደር ላይ ሰው ሲሞት ለቅሶው ከመስኖው ማዶ ድረስ ይሰማል። የሚስባህ ሞት ዕለት ግን ከለቅሶው ይልቅ ዛቻው ነበር የሚሰማው። ኢንስፔክተር ቡርቱካን ከመኪናዋ ሳትወርድ ገና የሟች ታናሽ ወንድም ዛኪር ክላሹን አንግቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለደረሰው ሁሉ ገዳይዋን አውቃታለሁ እያለ ያውጃል። ሽማግሌዎቹ ሊያስቀምጡት ቢሞክሩ ማን ተቀምጦ።

ቡርቱካን ለሐብሩ ወረዳ እንግዳ ናት። ከወልድያ ለምርመራ በመጣች ቁጥር የመርሳ ፖሊሶች፣ አገሩን ብርቱካን ሞልቶት ሳለ ሌላ ላኩብን እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም እኔ ሎሚ ነኝ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ ትላቸዋለች። ፊቷ ቶሎ አይፈታም፣ ንዴቷ ቅርብ ነው፣ አንድ ነገር ከያዘች ደግሞ አትለቅም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚለው ተረት ለሷ ተረት ብቻ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው።

ዛኪርን አልፋ ገባች። ሬሳው መደቡ ላይ ነው። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ተወጥሯል፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሰውነቱ ላይ የዱላ ሰንበር፣ አንገቱ ላይ የእጅ ምልክት የለም። ከመደቡ ሥር በሳፋ ውስጥ ያስታወከው ደም አለ፤ ግማሹ ትኩስ ቀይ፣ ግማሹ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ። ሚስባህ የጉበት በሽተኛ እንደነበረና ወልድያ አንድ የግል ክሊኒክ ሲመላለስ እንደከረመ አገር ያውቃል። ጉበት ይዞት ሞተ ቢባል ማንም አይገረምም ነበር። ዛኪር ነው ነገሩን ወንጀል ያደረገው።

የሐኪም ማዘዣ አምጥቶ ፊቷ ላይ ዘረጋላት። "አንብቢው። ፓራሲታሞል ይላል። ጉበት የሚያቃጥል ኪኒን ለጉበት በሽተኛ የምታዝ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ? አውቃ ነው የገደለችው። ዘሯን ደግሞ ጠይቂ።"

"የዘሯን ነገር እዚያው ዋጠው" አለችው ቡርቱካን። "ስለ ኪኒኑ እጠይቃለሁ።"

"ጠይቂ። እኔ ሰደቃው እስኪወጣ እታገሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ካልያዛት እኔ እይዛታለሁ።"

ቀልድ አልነበረም። ይህ አገር ደም የሚመልስ አገር ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ጠመንጃ ያልተሰቀለበት ግድግዳ ማግኘት ይከብዳል። ቡርቱካን ሬሳው ለምርመራ ደሴ ይሂድ ብላ ብትጠይቅ ቤቱ በአንድ አፍ ተነሳባት፤ የሚስባህ ሬሳ አይቀደድም፣ ከዙህር ሶላት በፊት ይቀበራል አሏት። አይ የሰው ነገር! ገደሉብን ይላሉ፣ በምን ሞተ የሚለውን ደግሞ አታጣሩ ይላሉ። ተናዳ ሁሉንም በስልኳ ፎቶ አነሳችና ቤቱን ማየት ጀመረች።

ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ ፌስታል አገኘች። የክሊኒኩ መድኃኒት ነው። የሆድ ውሃ የሚያጎድለው ኪኒን አልቆ ማሸጊያው ብቻ ቀርቷል። ፓራሲታሞሉ ግን አንድ ፍሬ እንኳ ሳይነካ እንደታሸገ ተቀምጧል። ቡርቱካን አገላብጣ አየችው። ያልተዋጠ ኪኒን ሰው አይገድልም። ታዲያ ይሄ ሰው ጎኑን ሲወጋው፣ ወገቡን ሲቆርጠው ምን እየዋጠ ነበር?

ጎረቤቶቹን ጠየቀች። ሚስቱ አረብ አገር ናት፣ ልጅ የለውም፤ እናቱን ጠይቂ አሏት፤ እሷ ናት ያስታመመችው። እናቱ እማ ዘይነባ በሬሳው ራስጌ የመስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሐዘን ሲበዛ ዓይን እንደሚደርቅም ግን ቡርቱካን ታውቃለች። ቀስ ብላ ለሕመሙ ምን ይሰጡት እንደነበር ጠየቀቻቸው።

"ዱዓ አደርግለት ነበር፣ ልጄ" አሉ እማ ዘይነባ። ወደ መስበሃቸው ተመለሱ።

*

ማዘዣውን የጻፈችው ዶክተር ፍረወይኒ ወልድያ ተወልዳ ወልድያ ያደገች ናት። ወላጆቿ ከትግራይ መጥተው ሱቅ ከፍተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቡርቱካን ክሊኒኩ ስትደርስ የሐኪሟ በር ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ዛኪር በስልክ ዝቶባታል። አባቷ ሱቁን ዘግቶ ውጪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ ቡርቱካን መታወቂያዋን እስክታሳይ ድረስ እሷንም አላስገባም አለ።

ልጅቷ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ነው የተናገረችው። ስለ ሥራዋ ስትናገር ግን በሩን ረሳችው።

"ፓራሲታሞል ጉበት ይገድላል የሚሉት ከመጠን ሲያልፍ ነው። በልኩ፣ ለጤነኛ ከሚታዘዘው በግማሽ ከተሰጠ፣ እንደ ሚስባህ ላለ ሰው ከማስታገሻ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሰው እሱን ፈርቶ ወደሚገድለው ይሮጣል።"

"የሚገድለው የቱ ነው?"

"ዳይክሎፌናክ። አይቡፕሮፌን። ለጉልበት፣ ለወገብ እያለ ሰዉ እንደ ቆሎ የሚቅመው።"

ቡርቱካን እንዴት እንደሚገድል ስትጠይቃት ቀለል አድርጋ አስረዳቻት። ጉበት ሲጠጥር ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ያኔ ከጉሮሮ በታች ያሉት የደም ሥሮች ተወጥረው ይቀመጣሉ። ያ ማስታገሻ ጨጓራን ይልጣል፣ ደምን አልረጋ ያሰኘዋል፣ ኩላሊትንም ያደክማል። ከዕለታት አንድ ቀን ደም ይፈስና ማን ያቁመው። እንዲህ ያለው በሽተኛ ያንን ኪኒን ሳያቋርጥ ከዋጠ፣ ባልጠበቀው ሰዓት ደም እያስታወከ ይሞታል።

ሳፋው በቡርቱካን ዓይን ላይ መጣ። "ይሄን ነግረሻቸዋል?"

"እንዴት አልነግርም? እናቱን አስቀምጬ አንድ በአንድ አስረድቻለሁ።"

ቡርቱካን ፓራሲታሞሉ ሳይነካ መገኘቱን ስትነግራት ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ያስለቀሳት እፎይታው ይሁን ሐዘኑ ራሷም አታውቀውም። ቡርቱካን ክሊኒኩ በር ላይ ፖሊስ እንዲቆም አዝዛ ወጣች። አንድ ፖሊስ ግን ሊበቀል የተነሳ ሰው እንደማያቆም ታውቃለች።

*

ሲሪንቃን አልፋ መርሳ ስትደርስ በቀጥታ ወደ አዳነ መድኃኒት መደብር ገባች። አዳነ ፖሊስ ሲያይ የሚያልበው ሰው ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደሚሸጥ ያውቃላ! መጀመሪያ ምንም አላውቅም አለ። ቡርቱካን መደርደሪያውን በዓይኗ ስትቃኝ ግን ምላሱ ተፈታ።

"ዳይክሎፌናክማ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ይገዛኛል። ግራና ላይ ጉልበቱን የማያመው ሽማግሌ አለ እንዴ?"

ሚስባህ ራሱ ገዝቶህ ያውቃል ወይ ስትለው ማለ፣ ተገዘተ። ሚስባህ አንድ ቀን እንኳ ዳይክሎፌናክ ጠይቆት አያውቅም። ከዚያ ቤት እየመጣ የሚወስደው ዛኪር ነው። በየገበያው ቀን ይመጣል፣ ይወስዳል።

ቡርቱካን ደሟ ፈላ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘላት። ሟች ልጅ የለውም፤ በመስኖ የሚጠጣው መሬቱ ለማን ይሆናል? ለወንድም። ሐኪሟን ገዳይ ብሎ ከሁሉ በላይ የጮኸው ማነው? ወንድም። ሬሳው እንዳይመረመር ከቤቱ ጋር የከለከለውስ? ያንን ክላሽ ያንጠለጠለ ጀግና እጁን በካቴና ለማየት ቸኮለች።

መርሳ ፖሊስ ጣቢያ አስጠራችው። ጠመንጃውን በር ላይ አስቀምጦ ገባ። ሚስባህ በሞተበት ሰሞን የት ነበርክ ስትለው ሐራ፣ ከብት ገበያ፣ አለ። ሐራ ያሉ ነጋዴዎች ስልክ ተደውሎላቸው አዎ፣ ከኛ ጋር ነበር አሉ። ቡርቱካን በዚህ አልተበገረችም። ኪኒን የሚሰጥ ሰው የግድ አጠገብ መቆም አያስፈልገውም፤ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ይበቃዋል።

"ዳይክሎፌናኩን ለማን ነው የምትገዛው?"

ዛኪር ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልገባውም። "ለእማ ዘይነባ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሚስባህ ነው አደራ ያለኝ፤ እንዳይቋረጥባቸው ብሎ።"

"እናትህን እማ ዘይነባ ብለህ ነው የምትጠራቸው?"

"እናታችን እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። አላህ ይዘንላት።"

ቡርቱካን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ሬሳው ራስጌ ተቀምጠው የነበሩት ማን ናቸው?"

ያ ሲፎክር የሰነበተ ሰው መሬት መሬት አየ። "ሼህ አብዱልጀሊልን ጠይቂ" አላት። "እኔ በአፌ አላነሳውም። የታረቀ ደም እንዳናነሳ ምለናል።"

*

ሼህ አብዱልጀሊል አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ የተከበሩ አዛውንት። ቡርቱካንን ማንጎ ጥላ ሥር አስቀመጧት። ደም አድርቄ የዘጋሁትን በር ክፈት ትይኛለሽ አሏት። ቡርቱካን፣ ካልከፈቱት አንዲት ምንም ያላጠፋች ልጅ በወልድያ ትገደላለች አለቻቸው። ያኔ ተናገሩ።

ሚስባህ ጎረምሳ ሳለ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የሰው ልጅ ገድሏል። ሟቹ ዓሪፍ ይባላል፤ የዘይነባ አንድያ ልጅ። ባሏ ቀድሞ ሞቷል። ሚስባህ ታስሮ ተፈታ፤ ሲወጣ የዓሪፍ አጎቶች ጠመንጃቸውን ወልውለው ጠበቁት። ሼሁ መሃል ገቡ። ከብት ታረደ፣ ፋቲሃ ተቀርቶ ዱዓ ተደረገ፣ ካሣውም ተከፈለ። በመጨረሻም ፍርድ ሰጡ፤ ዘይነባ ጧሪ የላትምና ሚስባህ በዓሪፍ ፋንታ ልጇ ይሁን፣ ይረስላት፣ ይጡራት፣ እናቴ ይበላት። ዘይነባም ስለት ላታነሳበት፣ መርዝ ላትበጠብጥበት ቁርኣን ነክታ ማለች። ከዚያ ወዲህ የዓሪፍን ስም የጠራ ሰው የለም። ሚስባህም ከሥጋ ልጅ በላይ ሆነላት፤ ቤቱ አስገብቶ እንደ እናቱ አኖራት። አገሩ ሁሉ እናቱ ነው የሚላት።

"ሼሁ፣ እርቁን ስታደርጉ እሳቸውን ጠይቃችኋቸዋል?"

"አጎቶቹ እሺ አሉ።"

"እሳቸውንስ?"

ሼሁ ጺማቸውን ዳሰሱ። "ደም የሚታረቀው ወንድ ነው፣ ልጄ። ሴት ወንዶቿ ይታረቁላታል።"

ቡርቱካን ተነሳች። ብትናገር የምታስቀይማቸው መሰላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ አስታራቂው ግን የተወጋችው ማን እንደሆነች ረስተው ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ሆና ለዶክተር ፍረወይኒ ደወለች። ስለ እናትየው የምታስታውሺውን ሁሉ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ አለቻት። ሐኪሟ ደግ አስታማሚ እንደነበሩ ተናገረች። አስረድታ ስትጨርስ እማ ዘይነባ ከመቀነታቸው የራሳቸውን ኪኒን ፈትተው፣ ይሄ እኔን ያሽለኛል፣ ለሱም ባካፍለውስ ብለው ጠይቀዋት ነበር። ዳይክሎፌናክ ነበር። ሐኪሟ ደንግጣ፣ በፍጹም፣ ይሄ ለእሱ ሞቱ ነው ብላቸዋለች።

"እንደዚህ የሚጠይቅ አስታማሚ አይገኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች ፍረወይኒ።

"እሱስ? ሚስባህ ራሱ ይሄን ያውቅ ነበር?"

ለዚህ ጥያቄ የሰማችውን መልስ ቡርቱካን እስከ ግራና ድረስ ስታላምጠው ሄደች። ለማንም አልናገረውም ብላ ወሰነች። የሞተ ሰው ምሥጢር ነው፣ ከሱ ጋር ይቀበር አለች።

*

የሰደቃው ቀን ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ትሪ ይወጣል፣ ትሪ ይገባል። ዛኪር ከሰዉ ተለይቶ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሲመሽ ወደ ወልድያ ሊሄድ ጫማውን አጥብቆ አስሯል። ቡርቱካን በአጠገቡ አልፋ ገባች። እማ ዘይነባ ያንኑ ቦታ ይዘዋል፤ መደቡ ግን ባዶ ነው።

ቡርቱካን አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። "እማ ዘይነባ፣ ስለ ዓሪፍ ይንገሩኝ።"

መስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የናፈቁትን ሰው በድንገት ያዩ ይመስሉ ነበር።

"ስሙን ጠራሽልኝ" አሉ። "ገና ጢም አላወጣም ነበር። በአካፋ ነው የመታው። ውሃው ላይ ወድቆ፣ ደሙ በቦዩ ሄዶ የሰው ሽንኩርት አጠጣ። እነሱ ደግሞ ሥጋ በልተው ታረቁ።"

"አንቱም ታርቀው ነበር።"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ እማ ዘይነባ። "ልጄን የገደለውን ልጅሽ ነው ብለው ሰጡኝ። እማዬ ባለኝ ቁጥር ዓሪፍን ደግሞ የሚቀብርብኝ ይመስለኝ ነበር። መጥፎ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ደግ ሆነብኝ። አንዲት ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም። ያም ያናድደኝ ነበር። ኋላ አላህ በሽታውን ላከው፣ ያቺ ሐኪም ልጅ ደግሞ መንገዱን አሳየችኝ። እኔ መሐላዬን አላፈረስኩም። ስለት አላነሳሁም፣ መርዝ አልበጠበጥኩም። እኔ የምውጠውን መድኃኒት ነው ያስዋጥኩት። ሕመሙም ይታገስለት ነበር።"

"ስለ እሷስ አላሰቡም? ያቺ ሐኪም ዛሬ ማታ ልትገደል ነው።"

እማ ዘይነባ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "እናቷ ታልቅስ። እኔ ሳለቅስ ማን አብሮኝ አለቀሰ?"

ቡርቱካን እስከዚህ ድረስ ታዝንላቸው ነበር። ያቺ በተቆለፈ በር ኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ ያ ሱቁን ዘግቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ አባት ትዝ አሏት። አልናገረውም ያለችውን ነገር በንዴት አወጣችው፤ እንዲጎዳቸው ብላ፣ አውቃ ነው ያወጣችው።

"ያውቅ ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"አንቱ ከሐኪሟ ክፍል ከወጡ በኋላ፣ አስታማሚ ሊሳሳት ይችላል ብላ እሱንም ለብቻው አስቀርታ ነገረችው። ያንኑ ዓይነት ኪኒን አሳየችው። ይሄንን አውቀዋለሁ፣ ወንድሜ ለእናቴ ጉልበት የሚያመጣው ነው አላት። ደግመህ ንገረኝ አለችው፤ ይሄን ከዋጥኩ እሞታለሁ ብሎ ደገመላት።"

እማ ዘይነባ ፊታቸው አልተለወጠም።

"አያውቅም" አሉ። "ስሰጠው እጄን ይስም ነበር። በየቀኑ እጄን ስሞ ነው የሚውጠው። የሚያውቅ ሰው እንዴት..." ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"ደምዎን አልመለሱም፣ እማ ዘይነባ። እሱ ነው ከፍሎ የሄደው።"

ከዚያ በኋላ የሰማችውን ድምፅ ቡርቱካን በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሰምታ አታውቅም። ሲጀምር ቀጭን ነበር፣ ከዚያ እየሰፋ ሄደ። እማ ዘይነባ ደረታቸውን እየደቁ ልጄን አሉ፤ አንዴ ዓሪፍ ይላሉ፣ አንዴ ሚስባህ ይላሉ። ለሁለቱም ያጠራቀሙት እንባ አሁን ወረደ።

ዛኪር በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ ቡርቱካን አላየችውም፤ ሁሉንም እንደሰማ ግን ከፊቱ ገባት። ኪኒኑን ከመርሳ ሲያመላልስ የከረመው እሱ ነው፤ በወንድሙ አደራ። ክላሹን ይዞ አሮጊቷን አያቸው። ቡርቱካን እጇን ወደ ሽጉጧ ሰደደች። እሱ ግን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መለሰው።

"ውሰጃት" አለ። "እኔ ከዚህ የበለጠ አልበቀላትም።"

ቡርቱካን በእማ ዘይነባ ብብት ገብታ ደግፋ አነሳቻቸውና ይዛቸው ወጣች። ግቢው ውስጥ ሰደቃ ይበላ የነበረው ሕዝብ ለቅሷቸውን ሰምቶ ቆመ፤ እናቲቱ ለቅሶው ገና አሁን ወጣላት ተባባለ፤ መንገድ ለቀቀላቸውና እስከ መኪናው ድረስ አላህ ያጽናዎት እያለ ሸኛቸው።